በፖለቲካ የተለያየ ማኅበር እውነትን ሳይሸሽግ አንድነቱን የሚጠብቅበት መንገድ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ጊዜ አንሥቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ፣ ከጦር ሜዳው ብዙ ርቀው በሚገኙ አጥቢያዎች ጭምር ምእመናን ተከፋፍለዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ አንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። አንዳንዱ አጥቢያ ቀየረ፤ አንዳንዱም እዚያው እየመጣ ከጎኑ ለቆመው ሰው ባዕድ ሆነ። ከስምምነቱ በኋላ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች የቀጠለው ግጭትም ያንኑ ቁስል ሲነካካው ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ጊዜ ኃላፊነት ለሚሸከሙ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴዎች (ሰብሳቢዎች)ና የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ሽማግሌዎችና የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎችም አብዛኛውን እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ብዙ ማኅበራት ችግሩ ሲገጥማቸው አስቀድመው የሚወስኑት «ስለ ፖለቲካ እዚህ አይወራ» የሚል ነው። ውሳኔው ከበጎ አሳብ እንደሚመነጭ አልጠራጠርም፤ ለጥቂት ሳምንታትም ጸጥታ ያስገኛል። ነገር ግን ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ዘመድ ያልሞተበት ሰው ዝም ማለት አይከብደውም፤ ወንድሙ የተገደለበት ወይም እናቱ የት እንደ ደረሱ ያላወቀ ሰው ግን ስለ ሐዘኑ አፉን በከፈተ ቁጥር «ፖለቲካ አታምጣ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚረዳው ነገር ቢኖር የእርሱ ሙት በዚህ ቤት እንደማይለቀስለት ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይሆን «ሰላም ሰላም» የሚሉትን የወቀሰው የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ ስለ ፈወሱ ነበር፤ የእኛም ዝምታ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ማኅበሩ የሚያስፈልገው የንግግር ሥርዓት እንጂ የንግግር እገዳ አይደለም።

የጠቡን ዓይነት መለየት

ሰዎች «በፖለቲካ ተጣላን» ሲሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ይሆናል። አንደኛው «ምን ተፈጸመ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህ በማስረጃ የሚፈታ ነው። ሁለተኛው «ምን ቢደረግ ይሻላል?» የሚል ነው፤ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ አስተዳደር ወሰን፣ ስለ ምርጫ ያለው ልዩነት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ ክርስቲያን ከክርስቲያን ሊለያይ ይችላል። ጌታችን ከመረጣቸው ከአሥራ ሁለቱ መካከል በሮም ሥር ለነበረው አገዛዝ ግብር ይሰበስብ የነበረው ማቴዎስና፣ ብዙዎች የዚያ አገዛዝ ተቃዋሚ ነበር የሚሉት፣ ቀናተኛ የሚባለው ስምዖን አብረው ነበሩ፤ በወንጌል ሁለቱ በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ እናነባለን እንጂ በአገዛዙ ላይ አንድ አሳብ እንደ ያዙ አናነብም። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጥያቄ ነው፤ ማን ይሾማል፣ በምን ቋንቋ ይገለገላል የሚለው በቀኖናና በጉባኤ የሚታይ ነው። አራተኛው ሐዘን ነው።

የሚከፋው ስሕተት አራተኛውን እንደ መጀመሪያው አድርጎ ማስተናገድ ነው። አንዲት እናት «ልጄን ገደሉብኝ» ብላ ስታለቅስ «እነሱም እኮ ተገድሎባቸዋል» ብሎ መመለስ፣ የተባለው እውነት ቢሆን እንኳ፣ በለቅሶ ቤት ሙግት መክፈት ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ማንኛውም ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ «አሁን የምንነጋገረው ስለ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ግማሹ ጠብ በዚህ ጥያቄ ብቻ እንደሚበርድ ይታያል፤ ሰዎቹ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሟገቱ ነበርና።

ለሐዘኑ የራሱ ቦታ ይሰጠው። ለምሳሌ ማኅበሩ ከየቤተሰቡ በግጭቶቹ ያረፉትን ሰዎች ስም ሰብስቦ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በተወሰነ ቀንም አብሮ ያሳስብ። በእኛ ሥርዓት ለሙታን የሚጸለየው በክርስትና ስም ነውና ዝርዝሩ ሲነበብ ወልደ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል እየተባለ ይቀጥላል እንጂ ማን ከመቀሌ፣ ማን ከወልዲያ፣ ማን ከወለጋ እንደ ሆነ አይታወቅም። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ስሞቹን በክልል ወይም በቤተሰብ ሳይከፍል አደባልቆ ይጻፋቸው። በወንጌላውያን ጉባኤ ደግሞ ሐዘን የደረሰባቸውን ቤተሰቦች በየተራ በስም ጠርቶ መጸለይ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ከአንዱ ወገን ብቻ የመጡት እንዳይጠሩ ጥንቃቄ ማድረግ ነው።

የሰማነውን መመርመር

«በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በስልክ የሚላላከውንም ወሬ ያጠቃልላል። ያልመረመርነውን ክስ ወደ ሌላ ሰው ስናስተላልፍ ሳናይ የመሰከርን ነን።

አንድ ቪዲዮ «ዛሬ ሌሊት በእንዲህ ያለ ቦታ የተፈጸመ» ተብሎ በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተለቀቀ እንበል። አስቀድማችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ቁጣ የሚያስነሣው ምስሉ ሳይሆን በላዩ የተጫነው ንግግር ነውና። ከዚያም የሚታየው መሬትና የሰዎቹ አለባበስ ከተባለው ቦታና ወር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ አስተውሉ። በነሐሴ ወር በደጋ አገር ተፈጸመ የተባለ ነገር ሜዳው ደርቆ አቧራው ሲጨስ የሚያሳይ ከሆነ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ከቪዲዮው አንድ ምስል ቆርጣችሁ በጎግል የምስል ፍለጋ ፈልጉት፤ ከዓመታት በፊት፣ አንዳንዴም በሌላ አገር የተቀረጸ ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻም አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ይልቁንም ክሱ ከቀረበበት ወገን የሆነ የማኅበራችሁ አባል ካለ እርሱን በግል ደውላችሁ «ይህን አየሁ፣ አንተ የምታውቀው ነገር አለ?» በሉት። ይህ ሁሉ ሳይሆን ማንም ሰው ቪዲዮውን ወደ ሌላ እንዳያስተላልፍ ማኅበሩ ይስማማ።

ነገር ግን ምርመራ የማንወደውን እውነት ማዘግየቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ወገናችን በተከሰሰ ጊዜ አሥር ማስረጃ እየጠየቅን ሌላው በተከሰሰ ጊዜ በአንድ ፎቶግራፍ የምናምን ከሆነ፣ መርማሪዎች ሳንሆን ጠበቆች ሆነናል። በሕገ ኦሪት ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸና ዘንድ ሲታዘዝ፣ ለዘመድ አንድ፣ ለባዕድ ሌላ መስፈሪያ አልተሰጠም።

ይህን በተግባር የምናይበት አንድ ሰነድ ላንሣ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥምር ያካሄዱት ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም ይፋ ሲሆን፣ በትግራዩ ጦርነት እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም ባለው ጊዜ ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች በየደረጃው የመብት ጥሰት መፈጸማቸውን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲወጣ ሁሉም ስለ ሌላው ጥፋት የተጻፈውን ገጽ አውጥቶ ያሰራጫል። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። በውይይቱ የሚሳተፉ ሁሉ የራሳቸው ወገን ያደረገውን የሚናገረውን ክፍል ብቻ አንብበው ይምጡ፤ በስብሰባውም ላይ እያንዳንዱ ያነበበውን በራሱ አንደበት ይንገር። ሌላውን ለመክሰስ ማንም ዕድል እንዳይሰጠው ሰብሳቢው ይጠንቀቅ። ይህ ከባድ ነው፤ አንዳንዱ ገና ንባቡ ላይ ተቆጥቶ ይተወዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ወገኑ ያጠፋውን ሳይሸሽግ ሲናገር የሰማ ተበዳይ፣ ለዓመታት ያልተነፈሰውን ለመተንፈስ ይደፍራል።

ፊት ለፊት መነጋገር

ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንሠራው ግን ተገላቢጦሹን ነው። በመጀመሪያ በቡድን መልእክት እንጽፋለን፣ ቀጥሎ ለጓደኞቻችን እንናገራለን፣ ባለቤቱ ከሁሉ በኋላ ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፤ በጽሑፍ የተነሣ ጠብ በጽሑፍ አይመለስም። ቅር ያለው ሰው ደውሎ ቀጠሮ ይያዝ፤ ሁለቱ በአካል ይገናኙ። ቅዳሴ እንደ ወጣ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ መነጋገር አይበጅም፤ ተመልካች ሲኖር ማንም መሸነፍ አይፈልግምና።

ንግግሩን ለመጀመር የሚረዳ ቀላል ሥርዓት አለ። ስለ ራሳችሁ አቋም ከመናገራችሁ በፊት የሌላውን አቋም እርሱ ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ መልሳችሁ ንገሩት። ለምሳሌ በዕድሜ ለሚበልጧችሁ እናት፦ «እትዬ፣ ባለፈው እሑድ የተናገሩትን ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። እንደ ተረዳሁት የሚሉት፣ መንግሥት ሠራዊቱን ባያዘምት ኖሮ አገር ይፈርስ ነበር ነው። በትክክል ተረድቼዎታለሁ?» ማለት ይቻላል። እርሳቸውም «እሱ ብቻ አይደለም ልጄ፣ የወንድሜ ልጅ ሰሜን ዕዝ ነበር» ሊሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ከአቋም ወደ ሐዘን ተሻግሯል ማለት ነው፤ የተዘጋጀውን ክርክር ትቶ ስለ ልጁ መጠየቅ ይገባል። ክርክሩ ለሌላ ቀን ይደርሳል። ያዕቆብ ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ ይሁን ያለው በዚህ ቦታ ተግባር ላይ ይውላል።

ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይጨመር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከአንድ ወገን ብቻ የተመረጡ አይሁኑ። የጽዋ ማኅበር ልማድ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት አለው። በብዙ ማኅበራት የተቀያየሙ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን አብረው እንዳይጠጡ ሙሴው ይጠነቀቃል፤ ጠብ መኖሩን ሲሰማም ዝክሩ ከመድረሱ በፊት ሁለቱን ይጠራል። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ምእመናን ለቁርባን ከመቅረባቸው በፊት እርስ በርስ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ይህ ሰላምታ ፊትን ወደ ሌላ አዙሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ ካህኑ ወይም የንስሐ አባቱ ምክንያቱን ሊጠይቁ ይገባል።

ከመድረክ የሚነገረው

አንድነት ለመጠበቅ ሲባል ሰባኪ ስለ ግፍ ዝም ይበል የሚል አሳብ የለኝም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በአደባባይ ተረሽነዋል። በደርግ ዘመንም ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም ክረምት በሳምንታት ልዩነት ተገድለዋል። በትምህርተ ሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት አባቶች በአንድ እጅ መገደላቸው፣ አስገዳጅ ሥልጣን ቤተ ክርስቲያንን በሚያይበት ዓይን የእኛን ልዩነት እንደማይቆጥረው ያሳያል።

ስለዚህ ሰባኪው ግፍን በስሙ ይጥራ፤ ግድያን ግድያ፣ ዘረፋን ዘረፋ ይበል። ጥንቃቄው ሌላ ላይ ነው። ኃጢአቱን ይወቅስ እንጂ በኃጢአተኛው በኩል ሕዝብን አይውቀስ፤ «እነዚህ ሰዎች» የሚለው አነጋገር ከመድረክ ሊወጣ አይገባም። ስብከቱን ከመስበኩ በፊትም ገዳይና ተገዳዩን በአሳቡ ያቀያይራቸው። የሞተው የሌላው ወገን ሰው ቢሆን ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ኃይል ይናገረው ነበርን? መልሱ «አይደለም» ከሆነ ያ ስብከት ገና አልበሰለም። ለፓርቲ ድጋፍ መስጠትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መድረኩ የማንም የቅስቀሳ ቦታ አይሆንም።

ቅዱስ ጳውሎስ በአንጾኪያ ኬፋን (ጴጥሮስን) ፊት ለፊት የተቃወመው በማዕድ ምክንያት ነበር። ኬፋ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበርና ከያዕቆብ ዘንድ የመጡትን ፈርቶ ራሱን ለየ። ጳውሎስም አይሁዳዊ ሆኖ ሳለ የወቀሰው አይሁዳዊ ወንድሙን ነው። ወቀሳ ከውጭ ሲመጣ ጥቃት ይመስላል፤ ከገዛ ወገን ሲመጣ ግን የሚሰማው ያገኛል። ስለዚህ የአማራው ሰባኪ ስለ አማራው፣ የትግራዩ ስለ ትግራዩ፣ የኦሮሞው ስለ ኦሮሞው ጥፋት ለመናገር ቀዳሚ ይሁን።

ቅሬታው እውነት ሲሆን

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻችን በዕለታዊው ምግብ ተዘነጉ ብለው በዕብራውያን ላይ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት «ዘር አትቁጠሩ፣ ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የሰባቱም ስሞች፣ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ፣ የግሪክ ስሞች ናቸው። ሥራው የተሰጠው ቅሬታ ካቀረበው ወገን ጋር በቋንቋ ለሚቀርቡ ሰዎች እንደ ነበር ከዚህ መገመት አያስቸግርም። ሉቃስም ወዲያው የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ ብሎ ይቀጥላል።

በእኛም ዘንድ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ፣ ካነሡት ምክንያት አንዱ በኦሮሚያ በምእመናኑ ቋንቋ የሚያገለግሉ አባቶች ማነስ ነበር። ሲኖዶሱ ሹመቱን አወገዘ፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች በየአጥቢያቸው ጥቁር ለብሰው አለቀሱ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ ሲደረስ ሁለት ነገሮች ተለይተው ታዩ፤ ከቀኖና ውጭ የተደረገው ሹመት ተቀባይነት አላገኘም፣ የቋንቋው ጥያቄ ግን እንደ ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም ሲኖዶሱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ፤ አብዛኞቹ ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነበሩ። ይህ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንቱ መከራ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ለአጥቢያ የሚሆነው መመሪያም ይኸው ነው፤ ቅሬታ የቀረበበት መንገድ ስሕተት ስለሆነ ብቻ ቅሬታውን ሐሰት ነው አትበሉ። መንገዱን አርሙ፣ ጥያቄውን ለብቻው መርምሩ፣ እውነት ሆኖ ሲገኝም አሠራር ቀይሩ። ስብከት በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የሁለተኛ ቋንቋ መርሐ ግብር ክፈቱ፤ የሰበካ ጉባኤው አባላት ሁሉ ከአንድ አካባቢ ከሆኑ በሚቀጥለው ምርጫ ይህን አስቡበት።

ዕርቅ ጊዜ ሲፈልግ

ከ27 ዓመት ገደማ መለያየት በኋላ በአገር ቤትና በውጭ የነበሩት ሁለቱ ሲኖዶሶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም በዋሽንግተን ሲታረቁ፣ ቃለ ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ በስደት የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስም በፓትርያርክነታቸው ክብር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየዘመኑ ሽማግሌዎች ሞክረው ያልተሳካላቸውን ውይይት ሌሎች እየተቀበሉ ስለ ቀጠሉት እንጂ በአንድ ስብሰባ የተገኘ ውጤት አልነበረም።

የትግራይ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ሲኖዶሱ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቆ፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ማትያስ የሚመራ ልዑክ ወደ መቀሌ ቢሄድም፣ የክልሉ አባቶች አልተቀበሉትም፤ በዚያው ወርም በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ሹመቱን ከቀኖና አንጻር መቃወም ይቻላል፤ ሲኖዶሱም ተቃውሞታል። ይቅርታው ያለ መቀበሉ ግን ሊያስደንቀን አይገባም። በጭንቁ ሰዓት የሲኖዶሱን ድምፅ ያልሰማ ሕዝብ፣ ድምፁ ከዘገየ በኋላ ሲመጣ ለማመን ጊዜ ይፈልጋል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጠየቅ ይችላል እንጂ ቀን መቁረጥ አይችልም። «ይቅርታ ጠይቀናል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» የሚለው ቃል የተጠየቀውን ይቅርታ ያፈርሰዋል።

ከአጥቢያችሁ በዚህ ምክንያት የቀሩ ሰዎች ካሉ ስማቸውን ከማኅበሩ መዝገብ አትሰርዙ፤ የጽዋው ተራ ሲደርሳቸውም እንደ ማንኛውም አባል ይነገራቸው። የሚደውልላቸው ሰው ከልብ የሚወዱት እንጂ ሥልጣን ያለው ብቻ አይሁን። በመጀመሪያው ጥሪ «ለምን ቀረህ? መቼ ትመለሳለህ?» አይባልም፤ የቤተሰብ ደኅንነት ይጠየቃል። ሰውየው ራሱ ነገሩን ሲያነሣ፣ ምን ቢስተካከል እንደሚፈልግ በጽሑፍ ተይዞ ለሰበካ ጉባኤው ይቅረብ፤ ጉባኤውም በሚቀጥለው ስብሰባው መልስ ይስጥ። ይቅርታ የሚገባው በደል ሆኖ ከተገኘ ይቅርታው በደሉ በተፈጸመበት ቦታ ይደረግ። በግል የተሰደበ በግል ይካሳል፤ በአዳራሹ ውስጥ በሰው ፊት የተሰደበ ግን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ስሙ ተጠርቶ ይቅርታ ይጠየቅ፤ እርሱ ያን ቀን ባይገኝ እንኳ የተባለው ቃል ተጽፎ እቤቱ ይድረሰው።